ፈረሱና ስንቁ፤ በአገው ምድር ሕዝቡ ለዘማች ያደርግ ስለ ነበረው ድጋፍ

ግምጃ ቤት ማለት የከበረ ዕቃ የሚጠበቅበት ቤት ማለት ነው። በአንከሻ የምትገኘው ግምጃ ቤት ይህን ስም ትያዝ እንጂ፣ በዚህ አገር የጥንቱ ዘማች የሚሰነቅበት ግምጃ ቤት የገበሬው ጎተራ ነበር። ይህ ጽሑፍ ሕዝቡ ለጦር ሠራዊት ያደርግ የነበረውን ድጋፍ ከጦርነቱ በፊት ከነበረችው ጃፓን ጋር በማነጻጸር ለማስረዳት ይሞክራል።

እንደሚታወቀው የቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት አብዛኛው ደመወዝተኛ አልነበረም። ክተት ሲታወጅ ባላገሩ ስንቁን ራሱ ያዘጋጃል። ገብሱን ቆልታ፣ ፈጭታ በሶውን የምታሰናዳው ሴቲቱ ናት። በ1888 ዓ.ም. የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ወደ ዐድዋ ሲዘምት የአገው ፈረሰኛ አብሮ እንደ ሄደ በአገሩ ይተረካል። በአዊ ደጋ ፈረስ ለግልቢያ ብቻ የሚውል አይደለም፤ ጭነት ይሸከማል፣ ከብዙው አገር ልማድ ውጭ ሞፈር ተጠምዶ ያርሳል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ለዘመቻ የሰጠ ቤት ምን እንዳጎደለ አንባቢ ራሱ ይገምተው። ደግሞም ነገሩ ሁሉ በበጎ ፈቃድ ይደረግ ነበር ማለት አይቻልም፤ ጦር የሚያልፍበት አገር ገባር ወዶም ሳይወድም ያበላ ነበርና።

ጃፓን ሌላ መንገድ ያዘች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1873 የግዴታ ውትድርና ሕግ ሲወጣ በልዩ ልዩ ስፍራ ገበሬዎች ዐመፁ። ከዚያ በኋላ ግን የመንደሩ የመረዳዳት ልማድ ቀስ በቀስ ለጦር ኀይሉ አገልግሎት ዋለ። በ1901 የአገር ወዳድ ሴቶች ማኅበር፣ በ1910 የተጠባባቂ ወታደሮች ማኅበር፣ በ1932 በኦሳካ የተጀመረው የአገር መከላከያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋሙ። ሴቶቹ ነጭ ሽርጥ ለብሰው ዘማቹን ይሸኛሉ፤ አንድ ሺህ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ ስፌት የጣሉበትን መቀነት ያስታጥቁታል። ተጠባባቂዎቹም የዘማቹን ቤተ ሰብ በእርሻ ሥራ ይረዳሉ። ይህ ከእኛ ደቦ የማይለይ ይመስላል። ነገር ግን የተጠባባቂዎቹን ማኅበር የሚቈጣጠረው ጦሩ ስለ ነበረ፣ አልረዳም ያለ ሰው ጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን መንግሥቱንም እንደ ተቃወመ ይታይ ነበር።

በእኛም አገር ከተማ ላይ የተቋቋመ ማኅበር አልጠፋም፤ ጣሊያን ሊወር በተዘጋጀ ጊዜ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ በአዲስ አበባ የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ይሁን እንጂ ወረራው ከደረሰ በኋላ በጎጃም ገጠር አርበኛውን ያበላው፣ የደበቀው፣ ወሬ ያቀበለው ባላገሩ ነው። ጣሊያን በዳንግላና በእንጅባራ ምሽግ ይዞ ሳለ፣ በጠላት መካከል እየኖረ አርበኛን የሚረዳው ሰው የውስጥ አርበኛ ይባል ነበር። ይህ ስም በእኔ አስተያየት ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ስንቅ ያቀበለችውን ሴት ረዳት ብሎ አላለፋትም፣ ከተዋጊው እኩል አርበኛ አላት። የሚደርስባትም ቅጣት ቢሆን ቤት እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ጣሊያን በየካቲት 1933 ዳንግላንና እንጅባራን ከመልቀቁ በፊት መሆኑ ነው። ማኅበሩ በዐድዋና በአርበኝነት ዘመን የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። ዓመታዊ በዓሉ ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት ይከበራል፤ የዐድዋ ድል የተገኘውም የካቲት 23፣ በዚሁ በጊዮርጊስ ቀን ነበር። አባሎቹ ከበዓሉ ውጭ በለቅሶና በሠርግ ይረዳዳሉ፤ የተጣላም ያስታርቃሉ። ከጃፓን ማኅበሮች ጋር ስናስተያየው አባሎቹን ያሰባሰበው የጦር ሹም ትእዛዝ ሳይሆን ፈረሱ ራሱ ነው፤ ፈረሱንም የሚቀልበው እስካሁን ባለቤቱ ነው።