ከቢሮ ወጣ ሲባል፦ የሰቆጣ ወሬና እውነታው

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ እኛ በዓል ላይ ሳለን ዋሽንግተን ውስጥ በተፈረመ ትእዛዝ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀናት ታገደ። ብዙም ሳይቆይ «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ለየፕሮጀክቱ ይደርስ ጀመር። ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ አዘዘ፤ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ራሱ ሥራውን አቆመ።

ዋግ ኽምራ ለእንዲህ ያለ ወሬ ባዳ አይደለችም። ድርቅና ጦርነት በተፈራረቀበት አገር የዕርዳታ ድርጅት አይጠፋም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ለማስቆም የገባው ቃል እንኳ የተጠራው በዋና ከተማዋ ስም ነው፤ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»። ሰቆጣ ላይ ለተማረ ወጣት «ቢሮ» ማለት እንግዲህ ሦስት ነገር ነው፤ መንግሥት፣ ባንክ፣ ኤንጂኦ። ሦስተኛው ደመወዙ ደህና፣ ዕድሜው ግን የፕሮጀክቱን ያህል ነው። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ፣ «ፌዝ አውት» ሲያደርግ እንደሚሉት፣ ላፕቶፑና መታወቂያው ይመለሳሉ፤ ሰውየው ሰፈር ይቀራል። ወሬውም ይጀመራል።

«ጥፋት ባይኖርበት አያሰናብቱትም ነበር»

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ወሬ ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ሕጉ ግን ጥፋትና ቅነሳን አይቀላቅልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱትን ጥፋቶች ለብቻ ዘርዝሯል፤ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ወይም አምስት የሥራ ቀን የቀረ ሰው የሚገባው እዚያ ነው። ሥራው ሲቀዘቅዝ ወይም ሲታጠፍ የሚመጣው ሌላ አንቀጽ ነው፤ ስሙም የሠራተኛ ቅነሳ ይባላል። ቅነሳ የሚሆነው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶው፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው ሲነካ ነው።

ማን ይቅደም ሲባልም ሕጉ መልስ አለው። ችሎታና የማምረት ብቃት ያለው ይቆያል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ ዕጣው ቀድሞ የሚወጣው አገልግሎቱ ባጠረውና ጥገኛ ባነሰው ላይ ነው። ትናንት የተቀጠረው ወንደላጤ ቀድሞ ቢወጣ ነውር ፈልጎ ማማት ምን ይባላል?

«ፈንዱ ቆሟል፤ ስለዚህ የሚከፈል ነገር የለም»

ይህን የሚሉት ጎረቤቶች ብቻ አይደሉም፤ ራሱ ተሰናባቹም ይለዋል። አለቃው አብሮት ሲሰናበት እያየ ገንዘብ መጠየቅ ይከብደዋል። እውነቱን ለመናገር ጨዋነቱ ደስ ይላል፤ ሕጉ ግን ይሉኝታን አያውቅም።

የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። በዚያ ላይ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለሚቀጥለው እያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ። ስንብቱ በቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በወር 15,000 ብር እየተከፈለው አራት ዓመት የሠራ ሰው እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት 15,000፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት አምስት አምስት ሺህ፣ በቅነሳው ምክንያት 30,000፤ በግርድፉ 60,000 ብር ይሆናል። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ተለውጦ ከዚህ ውጭ ይታሰባል። ሒሳቡ የሚዘጋውም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ነው፤ አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስጨምርበት ይችላል።

ሁሉም ሰው ግን በዚህ ሒሳብ አይገባም። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ለተወሰነ ጊዜ የተፈረመ ውል ቀኑ ደርሶ ሲያበቃና ቀኑ ሳይደርስ ሲቋረጥም አንድ አይደሉም። ኮንትራቱን አውጥቶ የሚያበቃበትን ቀን ማየት የግድ ነው።

አገራችን ውስጥ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚቆረጥ የሥራ አጥነት ድጎማ የለም። ከደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው የሚሰበሰበው ለጡረታ እንጂ ለዚህ አይደለም። ስለዚህ ከላይ የተሰላው ገንዘብ ብቸኛው መሻገሪያ ነው፤ በይሉኝታ የሚተው አይደለም።

«ያልወደደውን ሥራ ያጣ ይገላገላል እንጂ አያዝንም»

ብዙ የፕሮጀክት ሠራተኛ ሥራውን አይወደውም። ፊልድ መውጣቱን፣ ገበሬ ማነጋገሩን ይወዳል፤ የቀረው ጊዜ ግን ታይም ሺት መሙላት፣ የባለፈውን ሩብ ዓመት ሪፖርት ቀን ቀይሮ መላክ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አበል እስኪፈረም መቀመጥ ነው። «እንኳን ቀረብኝ» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ ቢሮው የሚሰጠው ደመወዝ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ለቀኑም መልክ ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ከቪየና ብዙ ወደማትርቅ ማሪየንታል መንደር ገቡ። የጨርቅ ፋብሪካው ተዘግቶ መንደሩ ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። ሰው ጊዜ ስላገኘ ብዙ ያነባል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጣው መጽሐፍ ግን ወደ ግማሽ ግድም ወረደ። ወንዶቹ በመንገድ ላይ እርምጃቸው ተጎተተ፣ ብዙዎቹም ሰዓት ማሰር ተዉ። የፋብሪካ ሥራ ማንም የሚዘፍንለት አልነበረም፤ ቀኑን ቀን የሚያደርገው ግን እሱ ነበር።

ሰቆጣ ላይ ማኅበር፣ ዕድርና ለቅሶ መድረስ ስላሉ ሰው እንደ ማሪየንታል ባዶ ቤት አይውልም። ተሰናባቹ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸሸው እነዚህኑ ነው፤ «አሁን የት ነህ?» የምትለዋን ጥያቄ ፈርቶ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የጠያቂውም ነው። የሥራ ቦታን ከጤንነት አስቀድሞ መጠየቅ መቼ እንደለመደብን እንጃ።

«ማር አለ፣ ፍየል አለ፤ ስንብቱን ይዞ መግባት ነው»

የዋግ ማር በነጭነቱ፣ የአበርገሌ ፍየል በዝርያው የታወቁ ናቸው፤ ይህ ውሸት አይደለም። ውሸቱ «መግባት ነው» የሚለው ላይ ነው። በዋግ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ አበባውና ማሩ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በየካቲት ተሰናብቶ በመጋቢት ቀፎ የገዛ ሰው የሚጠብቀው ማር ሳይሆን ረሃብ ነው፤ በበጋ ንብ ራሷ የስኳር ውኃ ትፈልጋለች። ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። በጥቂት ቀፎ የወር ደመወዝ አይተካም። ከአናቢ ጎን አንድ ወቅት ሠርቶ፣ የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቆ፣ በትንሽ ጀምሮ ማስፋት ይቻላል። የስንብቱን ብር በአንድ ጊዜ ቀፎ ላይ ማፍሰስ ግን ቁማር ነው።

ዓሣም እንደዚሁ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከኋላው የተኛው ውኃ ለአበርገሌ፣ ለዝቋላና ለሳህላ ወጣቶች አባቶቻቸው የማያውቁትን ሥራ አምጥቷል። ሆኖም ቆላው ሞቃት ነው፤ በረዶና መኪና የሌለው ዓሣ ከተማ ሳይደርስ ይበላሻል። እዚህ ላይ የፕሮጀክት ሰው የሚንቀው ችሎታው ይጠቅማል፤ ዕቅድ መጻፍ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ገዥ ማፈላለግ። የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት መረብ የሚጥል ሰው አያጡም፤ መዝገብ የሚይዝ ግን ያጣሉ።

«ቢሮ የሌለው ሥራ የለውም»

ሰቆጣ ስሟ የወጣው በቢሮ አይደለም፤ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ገበያ ሆና ነው።

ከቢሮ ውጭ ሥራ አለ ማለት ግን የቢሮውን ሒሳብ መተው አይደለም። የስንብት ደብዳቤው ኪስዎ ውስጥ ካለ ዛሬ ያውጡትና ምክንያቱንና ቀኑን ይዩ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከስንብቱ በሦስት ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሐፍረት ቤት የተዋለበት ወር ከዚሁ ይቀነሳል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ይጠይቁ፤ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ጽፎ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ክስ ውስጥ መግባት ቢያስፈልግ ደግሞ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።