ጋቢው ሐረጎ ላይ ይወልቃል

ባለፈው ክረምት አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ሁለት ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ፊልም መማር ትፈልጋለች። አንደኛው ወረቀት «ጉዳዩ፦ የትምህርት ዕድል እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ» ብሎ ይጀምርና «እኔ አመልካች ከልጅነቴ ጀምሮ ለፊልም ጥበብ ልዩ ፍቅር ያለኝ ስሆን» እያለ ይወርዳል። ለቀበሌ የሚጻፍ የውሃ ቆጣሪ ጥያቄ ይመስላል። ሁለተኛውን ደብተር ውስጥ ሸሽጋዋለች። «ይኼ ምንም አይደለም ጋሼ፣ ዝም ብዬ የጫርኩት ነው» አለች። ተቀብዬ አነበብኩት።

ደሴ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንዲት እናት እስከ አፍንጫቸው ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። የሐረጎ ቁልቁለት ሲጀምር ጋቢው ከራሳቸው ወደ ትከሻቸው ይወርዳል። ጥቂት ጠመዝማዛ እንደታለፈ ተጣጥፎ ጭናቸው ላይ ይቀመጣል። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ አጠገባቸው እናቱ እቅፍ ውስጥ የተኛውን የማያውቁትን ሕፃን ፊት በጋቢው ጫፍ ይጋርዱለታል። አለቀ። አንድም ቃል የተናገረ ሰው የለም።

«ማመልከቻሽ ይኼኛው ነው» አልኳት። የቀለድኩባት መስሏት ተቀየመች።

ለፊልም ትምህርት ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ራሱን የቻለ የእጅ ሥራ ነው። ሰው ግን ቅጽ መሙላት ይመስለዋል፤ ለዚህም ነው ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት። የአገር ቤቱ መንገድ የታወቀ ነው፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ፣ ከዚያም የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት የመጀመሪያ ዓመት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል። 50 በመቶው ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ፊልም እወዳለሁ ብላችሁ ሒሳቡን አትተዉት።

በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ዋናው በር ቴአትር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ሲሆን ትምህርት ቤቱ ዛሬ የሚጠራው በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ነው። የፊልም ማስተርስ የመጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ደግሞ እንደ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ ያሉ ማሠልጠኛዎች አሉ፤ መሥራቹ አብርሃም ኃይሌ ብሩ የቻዱን ዳይሬክተር የማሐማት ሳሌህ ሃሩንን «ዳራት» በካሜራ የቀረጸ ባለሙያ ነው። «ቴአትር ከደረሰኝ ፊልሙ ቀረብኝ» የሚሉ ልጆች ያሳዝኑኛል። የጎንደሩ ተወላጅ ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲሄድ ቺካጎ የገባው ቴአትር ሊማር ነበር። ወደ ፊልም የተሻገረው በኋላ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ሲገባ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አገር ቤት መጥቶ በጥቁርና ነጭ ፊልም ሲቀርጽ ገና ተማሪ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «ካሜራ የለኝም» የሚለው።

በዓመት ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደምሰማ አልቆጥረውም። አንዱ ልጅ የሰርግ ቀራጭ አጎቱን ለምኖ፣ ድሮን ተውሶ፣ ጦሳን ከላይ አሳይቶ፣ ሙዚቃ ጭኖበት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አመጣልኝ። ተራራው ያምራል። ልጁ ግን የለበትም። ፈታኞቹ እንዲህ ዓይነቱን በየዓመቱ ያያሉ፤ ድሮኑን የሠራው ኩባንያ እንጂ አመልካቹ እንዳልሆነም ያውቃሉ። ካሜራ ትምህርት ቤቱ አለው። ካሜራ መያዝ የሚማሩት ከገቡ በኋላ ነው። ከመግባታችሁ በፊት የሚፈለገው ዓይናችሁ ነው።

ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ ከትምህርት ቤቶቹ ከራሳቸው ጥያቄዎች ተነሥቼ ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተማረበት የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለፊልም አመልካቾች ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ንግግር የሌለበት የአራት ደቂቃ ፊልም በጽሑፍ ንደፉ የሚል ነው። ዘረሰናይ «ድፍረት»ን ሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ፓሪስ የሚገኘው ላ ፌሚስ ደግሞ ርእሶች ይሰጥና በመረጣችሁት ላይ ሄዳችሁ፣ አይታችሁ፣ ሰው ጠይቃችሁ የምርመራ ማኅደር አዘጋጁ ይላል። ላ ፌሚስ የሚቀበለው ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማሩትን ስለሆነ ለአሥራ ሁለተኛ ተማሪ አይሆንም፤ ልምምዱ ግን ለማንም ይሆናል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው እስክሪብቶና ጫማ ነው።

ንግግር የሌለበት አራት ደቂቃ! እኔ በዓለም ላይ ካሉ ፈተናዎች ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ነው። ለእኛ ይከብደናል። ፊልማችን ያደገው ከመድረክና ከሬዲዮ ድራማ ጋር ነው፤ ገጸ ባሕርያችን ሲያዝን «አዝኛለሁ» ይላል፣ ሲሄድ «ልሂድ» ይላል። በደሴና አዲስ አበባ መካከል፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የሞተሩ ጩኸት የሚታየውን ፊልም ድምፅ ሲውጠው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ በኋላ ምን ገባችሁ? ምንም ካልገባችሁ ያ ሥራ በአብዛኛው ፎቶ የተለጠፈበት ሬዲዮ ነው።

አንድ የደሴ ልጅ በርበሬ ነጋዴ አባቱን ሊጽፍ ሞከረ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «አባቱ በኑሮ ተስፋ ቆርጧል» ይላል። «ይህን ካሜራ እንዴት ያየዋል?» አልኩት። ፊቱን አስከፋለሁ አለኝ። የተከፋ ፊት ሁሉም ጋ አለ፤ የአባትህ የሆነውን አምጣ አልኩት። ሦስት ጊዜ ሰኞ ገበያ ሄዶ ተመለሰ። በአራተኛው ያመጣው እንዲህ ነው፦ ገበያው ገና ሳይበተን፣ ደንበኛ እያለፈ፣ ሰውየው ሚዛኑን በጨርቅ ጠርጎ፣ የብረት ድንጋዮቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ፣ ትንሿን ኪሱ ይከታታል። ለምን ኪሱ እንደከተታት አልጻፈም። እኔም አልጠየቅሁትም። ያችን ድንጋይ ግን እስካሁን አልረሳኋትም።

ደንቡ አጭር ነው። የማይታይና የማይሰማ ነገር አይጻፍም። «ያስባል»፣ «ይናፍቃል»፣ «ድሮ ባለጸጋ ነበር» የሚሉ ቃላትን በቀይ አስምሩባቸውና በእጅ፣ በዕቃ፣ በርቀት፣ በብርሃን ተኳቸው። ፎቶግራፍ ከተጠየቃችሁም በስልካችሁ አንሡ፤ ፎቶዎቹ ተከታትለው አንድ ነገር ካልተናገሩ ግን አልበም ናቸው።

ወሎ ላይ ይህን አጥብቄ የምናገርበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ወሎን ዓለም ያያት በሰው ዓይን ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን ቀርጾ ለዓለም አሳየ። በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን አስተላለፈው፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ጋዜጠኞቹ መሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ኮረም የላኩት የረሃብ ምስል ዓለምን አንቀሳቀሰ። እነዚያ ምስሎች ሕይወት አትርፈዋል፤ አላጣጥላቸውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጡ ልጆቻችን ለውጭ ትምህርት ቤት ሲጽፉ ያልተራቡትን ረሃብ ይጽፋሉ። «የሚፈልጉት ይህን ነው» ብሎ የሚመክራቸው ሰው አለ። አባቷ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ደመወዝተኛ የሆነ ልጅ አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ደረቀ ወንዝ ጽፋ አይቻለሁ። ወንዙን አታውቀውም። የፋብሪካውን የፈረቃ መለወጫ ሰዓት ግን በደንብ ታውቀዋለች፤ ስለዚያ አንድ መስመር አልጻፈችም።

ኢንተርኔት ቤት ከፍላችሁ የግል መግለጫ የምታስጽፉም እዚህ ላይ ስሙኝ። ተመሳሳዩን መግለጫ፣ ስሙ ብቻ ተለውጦ፣ በሁለት ልጆች እጅ አይቻለሁ።

የመዝጊያ ቀን ነገርም አለ። የውጭ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በኅዳርና በታኅሣሥ ይዘጋሉ። አንድ ተማሪዬ 12/1 የሚለውን ጃንዋሪ 12 ብሎ አንብቦ አንድ ዓመት አጥቷል፤ ዲሴምበር 1 ነበር፣ በእኛ በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 22። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በዚያ ወቅት ደሴ ላይ በማግስቱ ለረፋዱ 5 ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ከሦስት ቀን በፊት ላኩ። የማመልከቻ ክፍያውን መክፈል ካልቻላችሁ እንዲያነሡላችሁ በጨዋ ደብዳቤ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የኮምቦልቻዋ ልጅ ቅያሜዋ በርዶ በሳምንቱ ተመለሰች። የጋቢውን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች ሳለ አንድ ቃል ላይ ቆማለች። «ጋሼ፣ ጋቢን ምን ልበለው? ብርድ ልብስ ነው? ሻርፕ ነው?»

«ጋቢ በይው» አልኳት።

«አይገባቸውማ!»

«አብሽሪ። ሐረጎ ላይ ሲወልቅ ያዩታል።»

እስክሪብቶዋን አንሥታ ሁለቱን ቃላት ሰረዘችና፣ ከጎኑ ጋቢው ሲታጠፍ ምን ያህል እንደሚከብድ መጻፍ ጀመረች።