የትንሹ ኮምፒውተር ሁለት ሰዓቶች

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ጊዜን በሁለት ሰዓት ይቆጥራል። የሲስተም ሰዓቱን የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል የሚቆጥረው ማሽኑ በርቶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ የሃርድዌር ሰዓቱ ግን ማሽኑ ቢጠፋም በራሱ ባትሪ ይቀጥላል። ላፕቶፖች ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ። ከትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ሁለተኛው የላቸውም፤ ራስፕቤሪ ፓይ እንኳ የሃርድዌር ሰዓት የተገጠመለት በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛው ሞዴል ነው፤ ባትሪው ለብቻው ይገዛል።

ጉድለቱ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት በገነቡበት ሰንጋ ተራ፣ የአንድን ቢሮ የመግቢያ በር የሚቆጣጠር እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖር፣ መብራት ሲመለስ የሚነሳው በመጨረሻ መዝግቦ ካስቀመጠው ሰዓት ነው። መብራቱ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ቢያንስ ያንኑ ያህል ወደኋላ ይቀራል፤ የመግቢያ መዝገቡም ይዛባል። ልዩነቱ ወራት ከደረሰ የድረ ገጾች ሰርተፍኬት ገና ያልጸና ስለሚመስለው ግንኙነቱን አይቀበልም።

አንዱ መፍትሔ ኤንቲፒ የተባለው፣ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ፕሮቶኮል ነው። ማሽኑ በኢንተርኔት አንድን ሰርቨር ሰዓት ይጠይቃል፤ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜም አስልቶ ያስተካክላል። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ሰዓቱን በጥቂቱ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል እንጂ አያዘልለውም፤ አለዚያ የመዝገቦች ቅደም ተከተል ይፋለሳል።

ኢንተርኔት በሌለበት የሚያድነው ዲኤስ 3231ን የመሰለ ተጨማሪ የሰዓት ቺፕ ነው። በውስጡ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ቺፑ የሙቀትን ተጽዕኖ ስለሚያካክስ ስሕተቱ በዓመት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ማካካሻ የሌላቸው ርካሽ ቺፖች በቀን አንድ ሁለት ሰከንድ ሊስቱ ይችላሉ። ቺፑ ያለው አንድ ማሽን ክሮኒ በተባለው ፕሮግራም ለቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ሰርቨር ሊሆን ይችላል፤ መስመር ቢቋረጥም ሁሉም በአንድ ሰዓት ይሄዳሉ።

በሊኑክስ የሃርድዌር ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች፤ የበጋና የክረምት የሰዓት ለውጥ ስለሌለም ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም። ከርነሉ ራሱ የሚያውቀው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከዚያ የሚያሰላው ለተጠቃሚው የሚያሳየው ፕሮግራም ነው። ሰከንዶቹን በ32 ቢት በሚይዙ ሲስተሞች ቁጥሩ የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጧቱ 12:14 ላይ ነው። ከርነሉ ከ5.6ኛው እትም ጀምሮ ለዚህ ተዘጋጅቷል፤ በላዩ የሚሠሩት የቆዩ ፕሮግራሞች ግን እስከዚያ መታደስ አለባቸው።