ፈላ ውሃና የተራራ ማዕዘን

ከጅቡቲ ከተማ ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ በሚያቀናው አውራ ጎዳና ላይ፥ የአገራችን ሾፌሮች ተሳቢዎቻቸውን አቁመው የጭነት ተራ የሚጠብቁበት ሰፈር፥ በጻድቅ ወይም በባላባት ስም ሳይሆን ከከተማው በራቀበት የኪሎ ሜትር ቁጥር ፔካ 12 ተብሎ ይጠራል። በዚያ የባሕር ዳር ሐሩር፥ ከመኪናው ጥላ ሥር ሻይ የጣደ ረዳት፥ ውሃው የሚፈላለት ሙቀቱ 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ያው ማንቆርቆሪያ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል። ወደ ላይ በወጣን መጠን ከራሳችን በላይ የሚቀረው አየር እየሳሳ፥ በውሃው ገጽ ላይ የሚያሳርፈውም ጫና እየቀለለ ስለሚሄድ፥ እንፋሎቱ በአነስተኛ ሙቀት አርነት ይወጣል፤ በደጋ አገር ባቄላ ለመብሰል የሚዘገይበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን የውሃ ጠባይ የተራራ ቁመት መለኪያ አድርገው ኢትዮጵያን ከዞሩት ሊቃውንት መካከል አንቷን ዳባዲን የሚያህል ትጉህ አላውቅም። በ1810 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በደብሊን ተወልዶ፥ በፈረንሳይ አገር አድጎና ተምሮ፥ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ሊመረምር እስከ ብራዚል ከተጓዘ በኋላ፥ ገና 28 ዓመት ሲሆነው ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ደረሰ፤ ሥራውንም ፈጽሞ የተመለሰው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ውስጥ እያስገባ፥ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲወርድ ቦታው ወደ 300 ሜትር ያህል ከፍ ማለቱን ያሰላ ነበር። የ1 ዲግሪ አሥረኛ እጅ ስሕተት የ30 ሜትር ስሕተት ስለሚያስከትል፥ ሥራው የዓይንንና የእጅን ጥንቃቄ አጥብቆ የሚጠይቅ ነበረ።

ይሁን እንጂ የዳባዲ ጥበብ በይበልጥ የሚታየው ርቀትን በለካበት ዘዴ ነው። በአውሮጳ ምድርን የሚለኩ ሰዎች አስቀድመው ሜዳ መርጠው አንድ መስመር በዘንግ እየለኩ፥ በየተራራውም ራስ ምልክት እያቆሙ፥ ከዚያ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ ይቀጥሉ ነበር። በመሳፍንት ዘመን ኢትዮጵያ፥ አንዱ ባላባት ያሳለፈውን መንገደኛ ሌላው በሚይዝበት አገር፥ አንድ ባዕድ ሰው ተራራ ለተራራ ምልክት ልትከል ቢል ምን እንደሚገጥመው ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ዳባዲም ምልክት ማቆሙን ትቶ፥ እግዚአብሔር ያቆማቸውን ተራሮች ራሳቸውን ምልክት አደረጋቸው። ባረፈበት ኮረብታ ሁሉ ቴዎዶሊት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ተክሎ፥ ከአድማስ እስከ አድማስ የሚታየውን ጫፍ ሁሉ በየአቅጣጫው ማዕዘን እየመዘገበ፥ ከፀሐይና ከከዋክብትም ከፍታ የቦታውን ኬክሮስ ያወጣ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። ሁለት ተራሮች እርስ በርሳቸው ይተያዩ፥ በኬክሮስም 30 ደቂቃ ይለያዩ እንበል፤ 1 የኬክሮስ ደቂቃ 1,852 ሜትር ያህል ስለሆነ፥ በሰሜንና በደቡብ መካከል ያላቸው ልዩነት 55 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው መስመር ከሰሜን በ60 ዲግሪ ያዘነበለ ከሆነ፥ እውነተኛው ርቀት የዚህ እጥፍ፥ ማለት 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ክንድ መሬት በገመድ ሳይለካ፥ ሸለቆና ሽፍታ ሳያግደው፥ መሠረታዊው መስመር ተገኘ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው የቁጥር ክምር ከብዛቱ የተነሣ፥ በሩዶልፍ ራዳው አራሚነት «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» ተብሎ ከ1860 እስከ 1873 ድረስ በየክፍሉ ሲታተም ቆይቷል።

ዳባዲ ሙሉውን ክበብ በ360 ሳይሆን በ400 የሚከፍለው የአሥርዮሽ ሥርዓት ጥብቅ ደጋፊም ነበረ፤ በነገሩ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ሜትር በመጀመሪያ ሲወሰን ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 10 ሚሊዮን ሜትር እንዲሆን ታስቦ ስለነበር፥ ሩብ ክበቡ በ100 ግራድ፥ እያንዳንዱም ግራድ በ100 ደቂቃ ቢከፈል፥ አንዱ ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ የፔካው 12 ቁጥር በዳባዲ አቆጣጠር ከምድር ክበብ ላይ የተቆረጠ የ12 ደቂቃ ርዝመት ነው፤ ይህን የመሰለ ስምምነት ትተን እስከ ዛሬ የባቢሎናውያንን 360 መሸከማችን ይገርመኛል።

ስለ ሌላው ሥራው፥ ስለ ሰበሰባቸው 234 የብራና መጻሕፍትና በ1881 ስላሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት፥ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህን ያህል ጠንቃቃ ለኪ በዓባይ ጉዳይ መሳቱ ነው። ወደ እናርያና ወደ ከፋ ዘልቆ የግቤን ወንዝ ባየ ጊዜ፥ የነጭ ዓባይ ምንጭ ይኸው ነው ብሎ በ1846 ደመደመ። ያነበበው ማዕዘንና ያፈላው ውሃ አላሳቱትም፤ ያሳተው ዓይኑ ያላየውን የወንዙን ታችኛ ጉዞ በሐሳቡ ወደ ሰሜን መቀጠሉ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስሕተቱን ይዞ፥ ዳባዲ ከፋ መግባቱን እንኳ እስከ መካድ ደረሰ፤ ይህ ግን ከሙግት አልፎ ግፍ ነበረ። ግቤ ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ መግባቱን የኢጣልያው ቦቴጎ በ1896 ወንዙን ተከትሎ አረጋገጠ። ዳባዲ ያን ጊዜ 86 ዓመቱ ነበረ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር ፓሪስ ላይ ሲያርፍ፥ ኮከብ ይመለከትበት የነበረውን በአንዳይ ያለውን ግንቡን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አውርሶ ነበር።