በጎሮ ሰማይ ሥር፦ ኮከቦችን በስልካችን ፎቶ እናንሳ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማታ ጎሮ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ድርግም ሲል እኔ አራተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ቆሜ ነበር። ጎረቤቶቼ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው ሻማ ሲፈልጉ፣ እኔ ቀና ብዬ ሳይ ሌላ ጊዜ የማላያቸው ኮከቦች ሰማዩን ሞልተውታል። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ቀጭ አደረግኩ። የወጣው ፎቶ ግን አሸዋ የተበተነበት ጥቁር ጨርቅ ይመስላል፤ አንድም ኮከብ የለውም።

ትንሽ አሰብኩና ስልኩን በጫማዬ አስደግፌ፣ ሁለት ሦስት ነገር አስተካክዬ እንደገና ሞከርኩ። ኦሪዮን ከነቀበቶው ወጣ! ስልኩ ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ዝናብ እና በርሜል

ክረምት ላይ ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ ለማጠራቀም ዕቃ ስታስቀምጡ፣ የምታገኙት ውኃ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በዕቃው አፍ ስፋት እና ዕቃው በቆየበት ጊዜ። ካሜራም እንደዚሁ ነው፤ የሚያጠራቅመው ብርሃንን ነው። የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች ግን እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት አላቸው። በስፋት ስናሰላው አንዱ ቴሌስኮፕ ከስልካችን 62,500 ጊዜ ገደማ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል።

ቀዳዳውን ማስፋት አንችልም። የቀረን ጊዜ ነው። ዓይናችን ብርሃንን ከሰከንድ ክፍልፋይ በላይ አያጠራቅምም፤ ስልኩ ግን 10 እና 15 ሰከንድ ሙሉ መጠበቅ ይችላል።

«አይኤስኦ ብጨምርስ?» ትሉ ይሆናል። አይኤስኦ አዲስ ብርሃን አያመጣም፤ የገባውን ያጎላል እንጂ። በደንብ የማይሰማ የሬዲዮ ጣቢያ ላይ ድምፅ ስትጨምሩ ንግግሩም ሽሽታውም አብረው ይጨምራሉ አይደል? ፎቶው ላይ ያ ሽሽታ እንደ አሸዋ የሚታየው ብናኝ ነው።

እስቲ እንሞክር

1. ስልኩን አስደግፉት። ትራይፖድ ከሌለ ጫማ፣ መጽሐፍ ወይም ስኳር የሞላ ብርጭቆ ይበቃል። በእጅ ከያዛችሁት አይሆንም።
2. ሌንሱን ጥረጉ። የጣት ቅባት ኮከብን ወደ ጭጋግ ይለውጣል።
3. ፍላሹን አጥፉ። ኮከብ ጋ አይደርስም።
4. ካሜራው «ፕሮ» የሚል ምርጫ ካለው ፎከሱን የተራራ ምልክቱ ላይ አድርጉ፤ ሩቅ ማለት ነው። አይኤስኦ ከ800 እስከ 1600፣ ሸተር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ። ፕሮ ከሌለው ናይት ሞድን ተጠቀሙ።
5. ታይመሩን 5 ሰከንድ ላይ ሙሉ። ስክሪኑን ስትነኩ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ እስኪረጋጋ ይጠብቅላችኋል።
6. ዙም አታድርጉ። በዋናው ሌንስ አንሱ።

ለጨረቃ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ጨረቃ ላይ ያለው የቀን ፀሐይ ስለሆነ በ15 ሰከንድ ነጭ ጉልበት ያላት አምፖል ትመስላለች። ስክሪኑ ላይ ጨረቃዋን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ቀንሱ።

ለምን 15 ሰከንድ ብቻ?

መሬት ስለምትሽከረከር ነው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞር ይመስለናል። በ15 ሰከንድ ውስጥ አንድ ኮከብ የጨረቃን ስፋት አንድ ስምንተኛ ያህል ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ብዙ ካለፋችሁ ነጥቡ መስመር ይሆናል።

ታዲያ ተጨማሪ ብርሃን ከየት እናምጣ? ብዙ ፎቶ አንስቶ በመደራረብ። ብናኙ በየፎቶው ቦታ ይቀያይራል፤ ኮከቡ ግን ሁሌም አለ። 16 ፎቶ አሰልፋችሁ አማካዩን ብትወስዱ ብናኙ ወደ ሩብ ይወርዳል (የ16 ካሬ ሩት 4 ነው)። ናይት ሞድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒክሰል 4 እያንዳንዳቸው እስከ 16 ሰከንድ የሚፈጁ 15 ፎቶዎችን እየደራረበ ኮከቦችን ያነሳ ነበር።

መቼ እና ወዴት?

ክረምቱን ደመና ይወስደዋል። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጨረቃ በሌለችበት ማታ ነው። ከጎሮ ሲታይ የአውሮፕላን ማረፊያውም የመሀል ከተማውም ብርሃን በምዕራብ በኩል ስለሆነ፣ ጀርባ ሰጥታችሁት በየረር ተራራ አቅጣጫ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሞክሩ። በታኅሣሥ እና ጥር ኦሪዮን ከአናታችን በላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። በሚያዝያ እና ግንቦት ደግሞ የደቡብ መስቀል በደቡብ በኩል 21 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ብዙ አገር የማያገኘውን የሁለቱን አቅጣጫ ኮከቦች እናያለን።

ስልክ ይዞ ጨለማ መንገድ ላይ ብቻ መቆም ግን አይመከርም። በረንዳ፣ ግቢ ወይም ከቤተሰብ ጋር ሰገነት ላይ ይሁን።

ፎቶአችሁ መለኪያ ነው

ያን ማታ መብራቱ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «እሰይ!» አለ፤ እኔም ብያለሁ። ግን ወዲያው ቀና ስል አብዛኞቹ ኮከቦች የሉም። ወደ ላይ የሚረጭ መብራት መንገዳችንን ሳያበራ ሰማዩን ያበራል፤ ይህ የብርሃን ብክለት ይባላል። ከፍታ ላይ ያለው የእንጦጦ ማዕከል እንኳ ከሥሩ ከተማ ስላለ አያመልጠውም።

ስለዚህ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በመጪው ታኅሣሥ ጨረቃ በሌለችበት ማታ ኦሪዮንን አንሱ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ አይኤስኦውን እና ሰከንዱን መዝግቡ። በዓመቱ፣ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ስልክ ድገሙት። ከዚያ በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ያሉትን ኮከቦች ቁጠሩ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ግሎብ አት ናይት» በሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ተራ ሰዎች በዓይናቸው የሚታያቸውን ኮከቦች እየመዘገቡ የሰማዩን ጨለማ ሲለኩ ቆይተዋል። የጎሮን ሰማይ ደግሞ ከእናንተ በረንዳ የተሻለ ማን ይለካዋል?