ደገኛ መሆን ከከፍታ ሕመም ያድናል?

ባለፈው ሐምሌ ከእናቴና ከታላቅ እህቷ ጋር ከሂውስተን ወደ ኮሎራዶ ለዕረፍት ሄደን ነበር። እትዬ ያደጉት ደብረ ብርሃን ነው። ስለ ከፍታ ሕመም ገና አፌን ስከፍት፣ «ልጄ፣ እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ይሄን ለቴክሳሶች ንገሪያቸው» ብለው ዝም አሰኙኝ። ይህን የሚሉ እናትና አባት በብዙዎቻችን ቤት ስላሉ ነው ያን ቀን የሆነውን የምጽፈው።

ሂውስተን ከባሕር ጠለል በላይ 15 ሜትር ገደማ ናት። ዴንቨር (1,600 ሜትር) በአውሮፕላን ደርሰን፣ ያኑ ዕለት በመኪና ወጥተን ኤስተስ ፓርክ በምትባል ከተማ 2,300 ሜትር ላይ አደርን። ጠዋት እትዬ ግንባራቸውን ይዘው ተነሡ። «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» አሉ። ቡናውን ጠጡ፤ አልተሻላቸውም። ቢሆንም ጉዟችንን ቀጠልን። የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ቤር ሌክ ነበር። ሐይቁ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዙሪያውን የአንድ ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለው። እናቴ ተራራው ውሃው ላይ ተገልብጦ ሲታይ ፎቶ ታነሳለች፤ እትዬ ግን ወንበር ባገኙ ቁጥር ይቀመጣሉ።

ከዚያ ትሬይል ሪጅ የሚባለውን መንገድ ያዝን። 77 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጫፉ 3,713 ሜትር ይደርሳል፤ ክረምቱን በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። ዛፉ አለቀና ሣርና ድንጋይ ብቻ ቀረ። እትዬ «ይሄማ የመንዝ ጓሳ ነው!» አሉ። ኤልክ የሚባሉት ግዙፍ አጋዘኖች በመንጋ ተኝተዋል። የፓርኩ ሕግ ከኤልክ 23 ሜትር፣ ከሙስና ከድብ 36 ሜትር ራቁ ስለሚል ከመኪናችን አልወረድንም። ሮክ ከት ላይ ስንቆም ግን ፒካ አየን። ጡጫ የምታክል እንስሳ ናት፤ ክረምቱን ስለማትተኛ በበጋ ሣር እየሰበሰበች ታከማቻለች። እትዬ «ይቺማ ገበሬ ናት» ብለው ሳቁ። ወዲያው ፊታቸው ገረጣና «አቅለሸለሸኝ» አሉ።

ምን ሆነው ነው? ተራራ ላይም ቢሆን ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ይቋቋማል፤ በቀናት ውስጥም እየለመደ ይሄዳል። ጊዜ ካልሰጠነው ራስ ምታት ይጀምራል። ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ወይም ድካም ሲጨመርበት የከፍታ ሕመም ነው።

ደገኝነቱስ? ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። አንዱ የሚወረስ ነው። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢናቸውና የደማቸው ኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሌላው ግን ልምድ ነው፤ ወደ ቆላ ከወረዱ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። እትዬ ሂውስተን 18 ዓመት ኖረዋል። ልምዱ የለም፤ የተወለዱበት አገር ብቻውን ደግሞ ለማንም ዋስትና አይሆንም።

በመኪና ማቆሚያው መስመር ላይ ተረከዝና ጣት እያገጣጠሙ እንዲራመዱ ጠየቅኋቸው፤ አልተንገዳገዱም። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ስላቸው «ሚካኤል ነዋ!» አሉ። ልክ ነበሩ፤ ሐምሌ 12 ነው። ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ አላጠራቸውም። ስለዚህ ወደ ጫፉ መውጣቱን ትተን ተመለስን። ማዶ ግራንድ ሌክ ሆቴል ከፍለን ስለነበር እናቴ «ገንዘቡስ?» አለች። «ከእትዬ አይበልጥም» አልኳት። ኤስተስ ፓርክ ወርደን አመሻሹ ላይ ራሳቸውን ተዋቸው፤ ሾርባም ጠጡ። «ደጋው ረስቶኛል ማለት ነው» አሉ።

ቤተሰብ ይዛችሁ ተራራ የምትሄዱ፣ መጀመሪያ ዴንቨር አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ የሚከላከል መድኃኒትም ስላለ ጠይቁ። ራሱን ያመመው ሰው እስኪሻለው ከፍ አይበል፤ ከባሰበት ይውረድ። መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ግን እየወረዳችሁ 911 ደውሉ። ወላጆቻችን «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናቸዋል። ቁርስ ላይ «ራስዎን ያመዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» ካሏችሁም ቡናውን አፍሉላቸውና ጠብቁ። ካልተሻላቸው የዚያን ቀን መንገድ ይቅር።