ከማይተዋወቁ ሰዎች ጋር አዲስ ጨዋታ መሞከር፤ የኤሰን ዐውደ ርዕይ ተሞክሮ

በምዕራብ ጀርመን ሩር እየተባለ በሚጠራው አካባቢ የምትገኘው የኤሰን ከተማ ለረጅም ዘመን የምትታወቀው በድንጋይ ከሰል ማዕድኗና በብረታ ብረት ኢንዱስትሪዋ ነበር። ዞልፈራይን የተባለው የከተማዋ የመጨረሻ የከሰል ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራውን ያቆመ ሲሆን፣ ስፍራው በ2001 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከተማዋ በአሁኑ ወቅት ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየዓመቱ በጥቅምት ወር ለአራት ቀናት በሌላ ምክንያት ስሟ ይነሳል። ይኸውም በገበታ ላይ የሚካሄዱ አዳዲስ ጨዋታዎች የሚቀርቡበትና "ሽፒል" በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዐውደ ርዕዩን የጎበኘው ሕዝብ 209 ሺህ ያህል እንደነበረና ከ53 አገሮች የመጡ 1 ሺህ 200 አቅራቢዎች እንደተሳተፉበት ይታወቃል። በ2024ም የጎብኚዎቹ ቁጥር 204 ሺህ ደርሷል። ይሁንና አኃዙ ብቻውን የዝግጅቱን ጠባይ አያሳይም። በሌሎች ዐውደ ርዕዮች ጎብኚው ዕቃውን አይቶ፣ ዋጋ ጠይቆና ወረቀት ተቀብሎ ያልፋል። በኤሰን ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። በአዳራሾቹ ውስጥ በተደረደሩት በሺህ የሚቆጠሩ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አይቶት የማያውቀውን ጨዋታ፣ አይቷቸው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጫወታል።

የዝግጅቱ አጀማመር አነስተኛ ነበር። በጀርመን "ሽፒልቦክስ" የተባለው የጨዋታ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1981 መታተም ከጀመረ በኋላ፣ አንባቢዎቹ ተገናኝተው የሚጫወቱበት መድረክ እንዲኖር ሐሳብ ቀረበ። በዚህም መሠረት የመጀመሪያው ስብሰባ በ1983 በኤሰን ከተማ የጎልማሶች ትምህርት ማዕከል ውስጥ ተካሄደ። የተሰብሳቢው ቁጥር በመጨመሩም ብዙም ሳይቆይ ወደ ከተማዋ የኤግዚቢሽን ማዕከል ተዛወረ። በሌላዋ የጀርመን ከተማ በኑረምበርግ በየዓመቱ የሚካሄደው ታዋቂ የአሻንጉሊት ዐውደ ርዕይ ለነጋዴዎች ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የኤሰኑ ግን ቲኬት ለቆረጠ ሁሉ ክፍት መሆኑ ሁለቱን ይለያቸዋል። ልዩነቱ የቲኬት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጨዋታ ገዢው ራሱ ተጫውቶ የሚፈትነው ዕቃ በመሆኑ፣ ለሕዝብ ክፍት መደረጉ የዐውደ ርዕዩን ባሕርይ ከመሠረቱ ወስኖታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አሳታሚ በያዘው ቦታ ላይ ጠረጴዛዎች ያዘጋጃል፤ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጨዋታ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ጨዋታው አራት ሰው የሚጠይቅ ሆኖ ሁለት ጓደኛሞች ብቻ ከተቀመጡ፣ የቀሩት ሁለት ወንበሮች በአጠገቡ ለሚያልፍ ለማንኛውም ሰው ክፍት ናቸው። በመሆኑም ከፖላንድ የመጣ ተማሪ፣ ከጃፓን የመጣ ነጋዴ፣ እንዲሁም ልጃቸውን ይዘው የመጡ የኤሰን ነዋሪ እናት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊገናኙ ይችላሉ። ስም መጠያየቁ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ ይረሳል። ተፈላጊ በሆኑት ጨዋታዎች ዘንድ ግን ወንበር ማግኘት ቀላል አይደለም። ተራ ጠባቂዎች የተቀመጡትን ከበው ይቆማሉ፤ አንዱ ቡድን ሲነሳ ሌላው ወዲያው ይቀመጣል። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ወደ አንድ ጠረጴዛ የሚሮጡ ሰዎችን ማየትም የተለመደ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአስረጂው ተግባር ነው። ለአዲስ ጨዋታ ትልቁ መሰናክል የደንብ መጽሐፉ መሆኑን በሙያው ያሉ ሁሉ ይስማሙበታል። ሃያና ሠላሳ ገጽ ያለውን ደንብ በቤቱ ብቻውን አንብቦ ለመረዳት የሚታገል ሰው፣ ጨዋታውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ሊተወው ይችላል። በኤሰን ይህን ሸክም የሚያቃልሉት በየጠረጴዛው የሚዘዋወሩት አስረጂዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ውስጥ ለአራቱ ቀናት ብቻ የተቀጠሩ ወጣቶች፣ አንዳንድ ጊዜም የጨዋታው ነዳፊ ራሱ ይገኙበታል።

ጥሩ አስረጂ ማብራሪያውን ከዝርዝሩ አይጀምርም። በቅድሚያ ተጫዋቹ በጨዋታው ውስጥ ማን እንደሆነና በምን እንደሚያሸንፍ ይናገራል፤ ቀጥሎ በአንድ ተራ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል፤ ጨዋታው መቼ እንደሚያበቃም ይገልጻል። ልዩ ሁኔታዎችንና እምብዛም የማያጋጥሙ ደንቦችን ጊዜያቸው እስኪደርስ ያቆያቸዋል። ደካማው አስረጂ በተቃራኒው እያንዳንዱን ካርታ አንድ በአንድ እያነሳ ሲያብራራ ሃያ ደቂቃ ይፈጅና፣ አድማጩ የመጀመሪያውን ነገር ረስቶ ይቀመጣል። ጊዜው አጭር፣ ተራ ጠባቂው ብዙ በመሆኑም ረጃጅም ጨዋታዎች እስከ ፍጻሜያቸው አይደርሱም። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ከተካሄደ በኋላ አስረጂው ያቋርጣል። ይህ አሠራር ተጫዋቹን ቅር ማሰኘቱ አልቀረም፤ ጨዋታው መጨረሻው ላይ የሚላላ ይሁን ወይም የሚጠነክር ሳያውቅ እንዲገዛ ያደርገዋልና።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በአዳራሾቹ ውስጥ በብዛት የሚሰሙት ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ናቸው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አራት ሰዎች አራት የተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሲኖሯቸው ማብራሪያው በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጅ ምልክት ይካሄዳል። ይህ ሁኔታ በጨዋታዎቹ አነዳደፍ ላይ ሳይቀር አሻራውን አሳርፏል። በርካታ አሳታሚዎች በገበታውና በካርታዎቹ ላይ ከጽሑፍ ይልቅ ሥዕላዊ ምልክቶችን የሚጠቀሙ ሲሆን፣ ይህም አንድን ጨዋታ የደንብ መጽሐፉን ብቻ እየተረጎሙ በብዙ አገሮች ለመሸጥ ያስችላቸዋል። ዋናው ዓላማ የኅትመት ወጪን መቀነስ ቢሆንም፣ በጋራ ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች አብረው እንዲጫወቱ በር ከፍቷል።

ሁሉም ጨዋታ ግን ለማይተዋወቁ ሰዎች እኩል አይመችም። በዚህ ረገድ ተጠቃሽ የሆነው "ካታን" ነው። በጥርስ ሕክምና ቴክኒሻንነት ይሠራ በነበረው በጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ይህ ጨዋታ፣ በዚያው ዓመት በአገሪቱ ከ1979 ጀምሮ የሚሰጠውን "የዓመቱ ጨዋታ" ሽልማት አግኝቷል። ተጫዋቾቹ በአንዲት ደሴት ላይ እየሰፈሩ እንጨት፣ ጡብ፣ ሱፍ፣ እህልና ማዕድን ይሰበስባሉ፤ መንገድና ሰፈር ይሠራሉ፤ አሥር ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። የጨዋታው ቁልፍ ግን ንግድ ነው። ማንም ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ብቻውን ስለማያገኝ "ሱፍ ያለው ማነው? በጡብ እለውጣለሁ" ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ዓይን አፋር የሆነ ሰው እንኳ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ቶይበር በ2023 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ጨዋታው በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ ነበር።

ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ከመፎካከር ይልቅ በጋራ የሚያሸንፉባቸው ወይም በጋራ የሚሸነፉባቸው ጨዋታዎችም አሉ። በአሜሪካዊው ማት ሊኮክ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና በሽታዎችን ከመላው ዓለም ለማጥፋት የሚደረግን ዘመቻ የሚያሳየው "ፓንደሚክ" ከእነዚህ አንዱ ነው። ለእንግዳ ሰው ይህ ዓይነቱ ጨዋታ የተመቸ ቢመስልም የራሱ ችግር አለው። ጨዋታውን አስቀድሞ የሚያውቅ ወይም ደፋር የሆነ አንድ ሰው የሁሉንም ተራ እየወሰነ ሌሎቹን ተመልካች ሊያደርጋቸው ይችላል። ለዚህ ችግር መላ ካበጁት መካከል የፈረንሳዊው አንቷን ባውዛ "ሀናቢ" ይጠቀሳል። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች ካርታዎቹን ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙሮ ስለሚይዝ የሌሎችን እንጂ የራሱን አያይም፤ ስለ ራሱ ካርታ የሚያውቀው ሌሎች በቁጥብ ምልክት የሚነግሩትን ብቻ ነው። በመሆኑም ማንም ሰው ብቻውን ማዘዝ አይችልም። "ሀናቢ" እ.ኤ.አ. የ2013ን "የዓመቱ ጨዋታ" ሽልማት ወስዷል።

በቃላት ላይ የተመሠረቱት ደግሞ ሳቅ የሚበዛባቸው ቢሆኑም የቋንቋው ባለቤት ላልሆነ ሰው ፈታኝ ናቸው። በ2019 ለተሸለመው "ጀስት ዋን" ለተባለው ጨዋታ ተጫዋቾቹ አንድን ቃል ለማስገመት እያንዳንዳቸው አንድ ፍንጭ ይጽፋሉ፤ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ቃል ከጻፉ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ጥቂት ቃላት ብቻ የሚያውቅ ሰው ዘወትር ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ስለሚጽፍ ፍንጩ ይሰረዝበታል።

በጠረጴዛው ዙሪያ ያልተጻፉ ሆኖም የሚከበሩ ልማዶች አሉ። ባዶ ወንበር ላይ ከመቀመጥ በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። ጨዋታውን ከዚህ በፊት የተጫወተ ሰው ይህንኑ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሳይናገር አሸንፎ መነሳት እንደ ነውር ይቆጠራል። በአንድ ተራ ላይ ለረጅም ጊዜ ማሰብም አይወደድም። ከሁሉ በላይ የሚከበረው ግን የተጀመረን ጨዋታ አለማቋረጥ ነው፤ አንድ ሰው ሲነሳ የሦስት ሰዎች ሰዓት አብሮ ይባክናልና።

እነዚህ ልማዶች ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆኑም። በከተሞች መንገድ ዳር በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎችን ከብቦ መመልከት፣ የተሸነፈው ሲነሳ ተራ ጠባቂው መቀመጡ የታወቀ ነው። በጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር እየዘሩ የሚጫወቱት ገበጣ ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ከተለያየ አካባቢ የመጡ ሁለት ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት በየትኛው ደንብ እንደሚጫወቱ መስማማት ይኖርባቸዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የገበጣን ልዩ ልዩ ዓይነቶች በጽሑፍ መዝግበዋል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ደግሞ ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። በኤሰን እንደ አዲስ ግኝት ከሚቀርቡት አንዳንድ "ያለ ተራ" የሚካሄዱ ጨዋታዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ሥርዓት ዕድሜው የትናየት ነው።

ጎብኚው ለመዝናናት ቢመጣም ለአነስተኛ አሳታሚዎች ግን አራቱ ቀናት የህልውና ጉዳይ ናቸው። አንድ ነዳፊ የራሱን ወይም ከቤተሰብ የተበደረውን ገንዘብ አውጥቶ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ቅጂ ካሳተመ በኋላ፣ ቦታ ተከራይቶ ከትላልቆቹ ድርጅቶች ጎን ይቆማል። በጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲስቁ ካየ፣ በአካባቢው የሚያልፉት ቆም ይላሉ። ሰዎቹ እያዛጉ ከተነሱ ግን የሁለት ዓመት ልፋት በመጋዘን ሊቀር ይችላል። "ፌርፕሌይ" የተባለው የጀርመን የጨዋታ መጽሔት በዐውደ ርዕዩ ላይ ጎብኚዎች ለተጫወቷቸው አዳዲስ ጨዋታዎች የሚሰጡትን ነጥብ እየሰበሰበ ውጤቱን በይፋ ይለጥፋል። ዝርዝሩ አናት ላይ የወጣ ጨዋታ በማግሥቱ ወንበሩ አይገኝም፤ ቅጂውም ቅዳሜ ሳይመሽ ሊያልቅ ይችላል።

የማይተዋወቁ ሰዎች ፊት ለፊት መቀመጣቸው ምን ያህል ለዘርፉ መሠረት እንደሆነ በግልጽ የታየው በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዐውደ ርዕዩ በአዳራሽ ሳይካሄድ ቀርቶ በኢንተርኔት አማካይነት ቀርቧል። ጨዋታዎቹን በኮምፒዩተር መስኮት መሞከር ተችሎ ነበር፤ በአጋጣሚ ባዶ ወንበር አይቶ መቀመጥን የሚተካ ግን አልተገኘም። በቀጣዩ ዓመት ዝግጅቱ የተሳታፊዎች ቁጥር ተገድቦ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ሆኖ ወደ አዳራሹ ተመልሷል።

መሰል ጉባዔዎች በሌሎች አገሮችም ይካሄዳሉ። በአሜሪካ "ጄን ኮን" የሚባለው ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ1968 በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው ሌክ ጄኔቫ የተጀመረ ሲሆን፣ ስሙንም ከከተማዋ ወስዷል፤ ከ2003 ወዲህ የሚካሄደው በኢንዲያናፖሊስ ነው። በሰሜን አሜሪካና በብሪታንያ በሚካሄዱ በርካታ ጉባዔዎች እንደ ቤተ መጻሕፍት ጨዋታ እየተዋሱ መጫወት የሚቻልበት ክፍል ይዘጋጃል። ሰው የጎደለው ቡድን "ተጫዋች እንፈልጋለን" የሚል ምልክት በጠረጴዛው ላይ ያቆማል፤ ደንቡን የሚያስረዳው ያጣም "አስተማሪ እንፈልጋለን" ይላል። ምልክቱን ያየ መንገደኛ ከሰላምታ በቀር ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልገው መቀመጥ ይችላል።

በኤሰን አዳራሾቹ አመሻሹ ላይ ሲዘጉ ጨዋታው አያበቃም። በቀኑ የተገዙት ሳጥኖች በከተማዋ ሆቴሎች የመመገቢያና የእንግዳ መቀበያ ክፍሎች ውስጥ ይከፈታሉ። በዚህ ሰዓት አስረጂ የለም። አንዱ የደንቡን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌሎቹ ካርታዎቹን ከማሸጊያቸው ያወጣሉ፤ ቁርስ ላይ ብቻ የተያዩ እንግዶችም ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው "ለስንት ሰው ነው?" ብለው ይጠይቃሉ።